ወደ ይምርሃነ ክርስቶስ በእግር፦ እናትሽ ይችላሉ፣ መመለሻው ግን በመኪና ይሁን

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ለገና ከሜሪላንድ መጥተሽ፣ ከ66 ዓመት እናትሽና ከ17 ዓመት ልጅሽ ጋር ከላሊበላ እስከ ይምርሃነ ክርስቶስ የዋሻ ቤተክርስቲያን በእግር መሄድ ትፈልጊያለሽ። የእናትሽ አያት በዘመናቸው በእግራቸው ሄደው ተሳልመዋል፤ እናትሽም በመኪና መሄዱን አልወደዱትም። ደርሶ መልሱ በአንድ ቀን ያልቃል ወይ፣ ዳገቱስ ለእሳቸው ይከብዳል ወይ ነው ያልሽው።

መሄዱን ይችላሉ። ደርሶ መልስ በአንድ ቀን ግን አይሆንም፣ አታስቢው። በእግር ሂዱ፣ በመኪና ተመለሱ። በቅሎዋም ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ አብራችሁ ትሁን። አስጎብኚ ነኝ፣ ይህን መንገድ ከወጣት ጋርም ከአዛውንት ጋርም ሄጄበታለሁ፤ የምልሽ ሁሉ ከዚያ የመጣ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን የጸጥታውን ነገር ሳልነግርሽ አላልፍም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል ባለው ግጭት ምክንያት አንድ ሳምንት ክፍት የነበረ መንገድ በሚቀጥለው ሳምንት የማይኬድበት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የአውሮፕላን ትኬት ስትቆርጪ የሰማሽውን ይዘሽ አትውጪ። ላሊበላ ከገባሽ በኋላ፣ ከመሄጃችሁ በፊት በነበረው ማታ፣ ከተማው ውስጥ የሚኖር አስጎብኚና ሆቴልሽ ያሉ ሰዎች ምን እንደሚሉ ጠይቂ። ሁለቱም "ሂዱ" ካላሉ አትሂዱ። እናትሽ ቢያዝኑም አትሂዱ።

አሁን ወደ መንገዱ። በካርታ ላይ ቀጥታ ብትለኪው ከላሊበላ ወደ ሰሜን 15 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ይህ ቁጥር ብዙ ሰው አሳስቷል። የእግሩ መንገድ ዳገት ቁልቁለቱን ሲዞር 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ የመኪናው ደግሞ ተራራውን ዞሮ ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። ጠንካራ ወጣት በ5 ወይም በ6 ሰዓት ይደርሳል። እናንተ እያረፋችሁ፣ ውሃ እየጠጣችሁ፣ ፎቶ እያነሳችሁ 7 ወይም 8 ሰዓት ያዙ። ጠዋት 12 ሰዓት፣ ገና ጎሕ ሲቀድ ከተነሳችሁ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ዋሻው ደጃፍ ናችሁ። ቀስ ብላችሁ ለማየት ጊዜ አላችሁ፣ ከጨለማም ጋር አትሽቀዳደሙም።

ደርሶ መልሱን የከለከልኩሽ እንዲሁ አይደለም። ከዓመታት በፊት አንድ ቤተሰብ ይዤ ነበር። እናትየዋ በእናትሽ ዕድሜ ናቸው። "በቅሎ አልፈልግም፣ እግዚአብሔር ጉልበት ሰጥቶኛል" ሲሉኝ እሺ አልኩ። ሲሄዱ እውነትም ከሁላችንም ቀድመው ነበር። ስንመለስ ቁልቁለቱ ላይ ጉልበታቸው ከዳቸው። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ምንም ሳይናገሩ እንባቸው ሲወርድ አየሁ። ከመንደር በቅሎ ፈልገን እስክናመጣ ፀሐይ ጠለቀች፤ የቀረውን በባትሪ ብርሃን እየተደጋገፍን ሄደን ከተማ የገባነው ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከ50 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ያለ በቅሎ ይዤ አልወጣም። በቅሎ የሚፈለገው ከመድከም በፊት ነው። ከደከሙ በኋላ ተራራው መሀል ከየት ይመጣል?

እናትሽ "በበቅሎ ከሄድኩማ ምኑን ተሳለምኩት" ይሉ ይሆናል። ብዙ እናቶች ይላሉ። እኔ እንዲህ እላቸዋለሁ፦ "እማማ፣ ዳገቱን በቅሎዋ ታውጣዎት፣ ሜዳውንና ቁልቁለቱን በእግርዎ ይሂዱ፣ የመጨረሻዋን የጥድ ጫካ አቀበት ደግሞ ቀስ ብለው በእግርዎ ይውጡ።" ቁልቁለት ላይ በቅሎ ላይ መቀመጥ በራሱ አደገኛ ስለሆነ የግድ ይወርዳሉ። እንዲህ ስታሰሊው ከግማሽ በላይ የሚሆነውን መንገድ በእግራቸው ሄዱ ማለት ነው። እስካሁን ይህን ሰምቶ እምቢ ያለኝ የለም። ሲቀመጡ ባለበቅሎው የኮርቻውን ማሰሪያ ዓይናችሁ እያየ እንዲያጠብቀው አድርጊ፤ ለባዕድ እጅ ልጓም አይሰጥም፣ ሁልጊዜ ባለቤቱ ይጎትት።

ከርቀቱ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ከፍታው ነው። ሜሪላንድ ባሕር ጠለል አካባቢ ነው። ላሊበላ ከተማው ራሱ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው። የእግሩ መንገድ ደግሞ ከዚያ በላይ ይወጣል፤ ከላያችሁ የሚታየው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ጫፍ አትደርሱም፤ አየሩ ግን ትከሻው ላይም ይሳሳል። ሰው በመጀመሪያው ቀን ራሱን ያመዋል፣ ማታ እንቅልፍ ይነሳዋል፣ ምግብ አያሰኘውም። ይህ የሽምግልና ጉዳይ አይደለም፣ እንዲያውም ጉልበት አለኝ ብሎ የሚሮጠው ወጣት ነው ቀድሞ የሚያመው። ልጅሽን በዚህ ነገር አደራ እልሻለሁ፣ አያቱን ትቶ ወደ ፊት እንዳይሮጥ።

መድኃኒቱ ጊዜ ነው። አዲስ አበባ ሁለት ቀን ቆዩ፤ እሱም ከፍታ ስለሆነ ሰውነታችሁ ይለማመዳል። ላሊበላም ሦስት ቀን ሳትቆዩ አትውጡ። እናትሽ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ፣ በተለይ ሽንት የሚያበዛው ዓይነት ከሆነ፣ እዚያው አሜሪካ ሐኪማቸውን "ከፍታ ቦታ ላይ ቀኑን ሙሉ እሄዳለሁ" ብለው ይጠይቁ። መንገድ ላይ ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ወይ ሰውየው እንደ ሰከረ ሰው ሲንገዳገድ ካየሽ፣ "ትንሽ ይረፍና ይሻለዋል" አትበሉ። ወዲያውኑ ወደ ታች ይዛችሁት ውረዱ። ቤተክርስቲያኑ ከ800 ዓመት በላይ ቆሟል፣ የትም አይሄድም።

በሦስቱ ቀን ውስጥ አሸተን ማርያምን ውጡ። ከከተማው በላይ ባለው ተራራ ላይ ያለችው ናት፣ ከ3,000 ሜትር በላይ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ቢፈጅባችሁ ነው። መጨረሻ ላይ በዓለቱ መሀል በተሰነጠቀ ጠባብ መተላለፊያ ታልፊያለሽ፤ ከዚያ ወጥተሽ ገደሉ ጫፍ ስትቆሚ ላስታ ከእግርሽ ሥር ነው። ይህችን ልምምድ አድርጊያት። እናትሽ አሸተን ወጥተው፣ ወርደው፣ በማግስቱ ጠዋት ጉልበታቸው ሳያብጥ ከተነሱ ይምርሃነ ክርስቶስን ይችሉታል። ካልሆነ ደግሞ እስከ ታች በመኪና ሄደው የመጨረሻዋን አቀበት በእግር መውጣት ይቀራቸዋል፤ እሷም ትንሽ አይደለችም፣ ሩብ ሰዓት ዳገት ናት።

ቀኑን በተመለከተ፣ ከገና በፊት ሳይሆን በኋላ ብትሄዱ እመርጣለሁ። ከገና በፊት ጾም ነው። እናትሽ እስከ 9 ሰዓት ሳይቀምሱ፣ ውሃም ሳይጠጡ ተራራ ልውጣ ካሉ እኔ አልወስዳቸውም። ደግሞም የገና ሌሊት ማንም አይተኛም፤ ሌሊቱን ቆማችሁ፣ ጠዋት ካህናቱ ቤተ ማርያም ዙሪያ ባለው ዓለት ጫፍ ላይ ቆመው "ቤዛ ኩሉ" እያሉ ሲዘምሩ እያያችሁ ታነጋላችሁ። ያንን አይተው፣ አንድ ቀን ተኝተው፣ ሰዉም ሲበተን መሄድ ነው የሚሻለው። ረቡዕና ዓርብን ብቻ ዝለሉ። የግድ በጾሙ ከሆነ ግን አስቀድመው የንስሐ አባታቸውን ያማክሩ፣ ለመንገደኛና ለደከመ ሰው ምን እንደሚሉ ይሰማሉ። መኪናውን ግን አሁኑኑ ያዙ፤ በገና ሰሞን ላሊበላ ውስጥ ባዶ መኪና ማግኘት ከባድ ነው። ሹፌሩ ከቀኑ 7 ሰዓት ጀምሮ ከዋሻው በታች ያለው ማቆሚያ ላይ ይጠብቃችሁ።

ስንቅ ቀላል ነው። ቆሎ፣ ዳቦ፣ በሶ። በሶውን በውሃ በጥብጣችሁ ትንሽ ጨው ጣል አድርጉበት፤ ለዳገት ከእሱ የሚሻል አላየሁም። ውሃ ለእያንዳንዱ ሰው ከ2 ሊትር አያንስ። ጠዋት ሲነሱ ብርድ ነው፣ ጋቢ ያስፈልጋል፤ 4 ሰዓት ላይ ደግሞ ፀሐዩ ይፋጃል፣ ስለዚህ ባርኔጣ። አዲስ ጫማ እንዳትገዙ! ከአሜሪካ አዲስ የተራራ ጫማ ገዝቶ መጥቶ በግማሽ መንገድ በካልሲው የሄደ ስንት ሰው አይቻለሁ። ወር ሙሉ ያደረጋችሁትን ጫማ አምጡ፣ የእግር ጥፍራችሁን ቆርጣችሁ፣ ምክንያቱም ቁልቁለቱ ላይ ጥፍር ነው የሚጎዳው። ለእናትሽ ዱላ እዚሁ ገበያ ይገኛል። ወፍራም ካልሲም ያዙ፣ ቤተክርስቲያን ውስጥ ጫማ ይወለቃል፣ ምንጣፉ ላይ ቁንጫ አይጠፋም። ለአንቺና ለእናትሽ ነጠላ። እና የእጅ ባትሪ፣ ለመንገዱ ብቻ ሳይሆን ለዋሻው፤ ለምን እንደሆነ ቆይቼ እነግርሻለሁ።

መንገዱ ራሱ እንዴት ያምራል መሰለሽ። መጀመሪያው ነው የሚያስጨንቀው፣ ዳገቱ እዚያ ነው። ከተማው እያነሰ፣ እያነሰ ይሄዳል። ከወጣችሁ በኋላ የገብስ ማሳ ነው፣ በታኅሣሥና በጥር አዝመራው ታጭዶ አውድማ ላይ በሬዎች ሲያበራዩ ታያላችሁ። ገበሬው ሲያበራይ እህሉ አጠገብ ዝም ብሎ አይታለፍም፣ "እህል ያብዛልዎ" በሉ። ጭላዳ ዝንጀሮዎችም ይኖራሉ፣ ሣሩ ላይ ቁጭ ብለው በጣታቸው እየነቀሉ ሲበሉ አጠገባቸው እስክትደርሱ አይሸሹም። ምግብ አትስጧቸው። ልጆችም ይከተሏችኋል። ብርና እስክርቢቶ መንገድ ላይ አታድሉ፤ የምትሰጡት ካለ ትምህርት ቤት ወስዳችሁ ለመምህራኑ ስጡ። ይህን ከልቤ ነው የምልሽ፤ ትምህርት ትቶ መንገደኛ ሲጠብቅ የሚውል ልጅ ማየት ያመኛል።

አሁን ወደ ቤቱ ልምጣ፤ ይህን ሁሉ መንገድ ሄዳችሁ ምን እንደምታዩ ሳታውቁ እንድትመለሱ አልፈልግም።

ከመሄዳችሁ በፊት ላሊበላ ላይ ቤተ አማኑኤልን እዩ። ፊት ለፊቷ ቁሙና ግድግዳዋን አስተውሉ። ከአንድ ዓለት የተፈለፈለች ናት፣ ግን ግድግዳዋ ላይ አግድም የተጋደሙ መስመሮች አሉ፤ አንዱ ገባ፣ አንዱ ወጣ ያለ። ለምን? ዓለት ለመቆም መስመር አያስፈልገውም። መልሱ ያለው ይምርሃነ ክርስቶስ ነው። እዚያ ዋሻ ውስጥ ስትገቡ ያው መስመር አለ፣ ግን እውነተኛው፦ አንድ ረድፍ ጥቁር እንጨት፣ አንድ ረድፍ በነጭ የተለሰነ ድንጋይ፣ እንደገና እንጨት፣ እንደገና ድንጋይ። እንጨቱ ግድግዳውን አስሮ የያዘው ነው። ይህ የአክሱም ዘመን አሠራር ነው፤ ደብረ ዳሞ ላይም አለ። የላሊበላ ጠራቢዎች ዓለቱን ሲጠርቡ አባቶቻቸው በእንጨትና በድንጋይ የሠሩትን ቤት ነበር በዓይነ ልቦናቸው የሚያዩት። ቤተ አማኑኤልን አይቶ፣ ተራራውን አቋርጦ፣ ያንን ግድግዳ በእጅ ርቀት የሚያይ ሰው ይህን ያለ አስጎብኚ ይረዳዋል። ለልጅሽ ከሁሉ የምመኝለት ይህችን ቅጽበት ነው።

ንጉሡ ይምርሃነ ክርስቶስ ከዛጉዌ ነገሥታት አንዱ ነው፣ ከላሊበላ በፊት የነገሠ፤ ንግሥናንና ክህነትን አጣምሮ የያዘ ቅዱስ ተብሎ በየዓመቱ ጥቅምት 19 ይታሰባል። ቤቱ የ11ኛው ወይም የ12ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ እንደሆነ ነው የሚነገረው። ዋሻው አፉ ሰፊ ነው፣ ከፊቱ ላይ በኋላ ዘመን የተሠራ ግንብ አለ፤ ስለዚህ ከውጭ ብዙም አይታይም። በሩን ሲያልፉ ነው ድንገት የሚመጣው። ዓይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ ትንሽ ቁሙ። ካህናቱ ቤቱ የቆመው ውሃ ላይ ነው ይላሉ።

ባትሪውን ለዚህ ነው ያልኩሽ። ሰው ገብቶ ዙሪያውን አይቶ ይወጣል፣ ቀና አይልም። ቀና በሉ። ጣሪያው በእንጨት የተገጣጠመ ነው፣ እያንዳንዱ ሳጥን ሌላ ሐረግ፣ ሌላ መስቀል፣ ሌላ ኮከብ። መስኮቶቹም እንደዚያው፣ አንዱ ከአንዱ አይመሳሰልም። ግድግዳው ላይ ያሉት ሥዕሎች በአገራችን ካሉት የግድግዳ ሥዕሎች እጅግ ጥንታዊ ከሚባሉት ውስጥ ናቸው፣ ጭስና ዘመን አጥቁሯቸዋል፤ ባትሪውን ከጎን በኩል ዝቅ አድርጋችሁ ስታበሩ ቀስ እያሉ ይወጣሉ። የካሜራ ብልጭታ ግን በፍጹም። እጅም አትጫኑበት፣ እንኳን ሥዕሉን፣ ልስኑንም። በጣት ብዛት የተላላጠ ቦታ አይቻለሁ፣ ያማል።

ከቤተክርስቲያኑ ጀርባ የንጉሡ መቃብር አለ። ከዚያ አልፎ ዋሻው ጥግ ላይ የሰው አፅም አለ፣ ብዙ። ደርቀው የቀሩ ናቸው፤ አንዳንዱ ቆዳው ከአጥንቱ ጋር አለ። ከሩቅ አገር መጥተው እዚያው ያረፉ ተሳላሚዎች እንደሆኑ ይነገራል። ልጅሽን አስቀድመሽ አዘጋጂው። እኔ እዚያ ስደርስ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ፣ እንግዶቼ ፎቶ እንዳያነሱም እለምናለሁ። የሚከለክል ሕግ ተጽፎ አላየሁም። ግን እንደ እናንተ ተራራውን በእግራቸው አቋርጠው የመጡ ሰዎች ናቸው።

ክፍያውን በተመለከተ፣ የይምርሃነ ክርስቶስ መግቢያ ከላሊበላው ትኬት ለብቻው ነው፣ እዚያው ደረሰኝ ይሰጣችኋል። አስጎብኚ በማኅበር ከተደራጁት ያዙ፤ የበቅሎውን ዋጋ ከመነሳታችሁ በፊት ተስማሙ፣ ባለበቅሎው የሚመለሰው ብቻውን እንደሆነም አትርሱ። እሱም ያንኑ ዳገት እንደገና ሊወጣው ነውና ስንቁን አካፍሉት።

አንድ ነገር ቀረኝ። እናትሽ የአያታቸውን የክርስትና ስም ያውቁ እንደሆነ ጠይቂያቸው። ካላወቁ ዘመድ ይጠይቁ፣ ገና ጊዜ አለ። ስሙን በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ። ዋሻው ደርሳችሁ ጫማ ካወለቃችሁ በኋላ ለካህኑ ስጡት፣ በጸሎት ይጠራላችኋል።